በቃል የተገዛ ቤት

በኦሮራ፣ በሃቫና ጎዳና አካባቢ ካሉት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና የተቀመጠ ሰው፣ በረካው ሳይቀዳ አንድ ጥያቄ መስማቱ አይቀርም፤ «ቤት ገዛህ?» ጥያቄው ከሰላምታ እኩል ተለምዷል። ያልገዛው ምክንያት ይደረድራል፤ የገዛው ደግሞ «ሁለተኛውንስ?» ይባላል። ከጥያቄው በስተጀርባ ያልተነገረ ፍርድ አለ፤ የገዛ ሰው አገር ገብቷል፣ የተከራየው ገና መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ይጀመራል። ዕቁብ ይገባል፤ በኤርፖርት ወይም በሆስፒታል ተጨማሪ ፈረቃ ይያዛል፤ የክሬዲት ነጥብ ከፍ እንዲል የካርድ ዕዳ ይከፈላል፤ በመጨረሻም «የኛ ሰው» ለሆነ ደላላ ይደወላል። ይህ ሁሉ ድካም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ለአንድ ቀን የሚደረግ ዝግጅት ነው፤ ፊርማ ለሚፈረምበትና ቁልፍ ለሚረከቡበት ቀን። ከዚያ በኋላ ላሉት 30 ዓመታት የሚዘጋጀው ጥቂት ነው።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ግን ቤት የሚገዛው በአብዛኛው በቃል ነው፤ በወዳጅ ምክር፣ በዝምድና፣ በእምነት። ያው ቤት ግብር የሚጣልበት፣ ዕዳ የሚታሰርበት፣ ሲከፋም በሐራጅ የሚሸጠው በጽሑፍ ነው። በቃሉና በጽሑፉ መካከል ላለው ክፍተት ገዢው በየወሩ ይከፍላል፤ ከክፍተቱ የሚያተርፉም አሉ።

ጉዳዩ የትምህርት ማነስ አይደለም። ማኅበረሰቡ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ነርስና ፋርማሲስት አላጣም። ስለ ዓባይ ውል፣ ስለ ብር ምንዛሪና ስለ ዓለም የገንዘብ ድርጅት ቅድመ ሁኔታዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከረው ምሁር፣ በራሱ ቤት ላይ ግብር የሚጥለው አካል ማን እንደሆነና የዚያን አካል ቦርድ ማን እንደመረጠው ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ወቀሳው በመጀመሪያ ለእሱ ነው።

የትርፍ ቤት ትዝታ

ይህ የቤት ረሃብ ከባዶ አልመጣም። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና «ትርፍ ቤት»ን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ፤ ሲያከራየው የኖረው ሌላው ቤት በአንድ ቀን የመንግሥትና የቀበሌ ቤት ሆነ። ከዚያ በኋላ የተወለደው ትውልድ ያደገው ወይ የተወረሰ ቤት በሚታወስበት፣ ወይ በቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ወይም የኮንዶሚኒየም ዕጣ በሚጠበቅበት ጓዳ ነው። ማንም የማይወስደው፣ በስም የተመዘገበ ቤት ማግኘት ለዚህ ሰው ከሒሳብ በላይ የሆነ ትርጉም አለው።

ይሁን እንጂ ታሪክ ያቆሰለው ፍላጎት ለገበያ የተመቸ ፍላጎትም ነው። «ኪራይ ገንዘብ ማቃጠል ነው» የሚለው አባባል የሚሸጠው ለዚህ ቁስል ነው። እስቲ አባባሉ በቁጥር ይፈተሽ። 450,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት የተበደረ ሰው በየወሩ 2,994 ዶላር ያህል ይከፍላል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 2,625ቱ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 369 ዶላር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በሙሉ ከ35,000 ዶላር በላይ ከፍሎ ዕዳው የሚቀንሰው በ4,600 ዶላር ገደማ ነው። የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ገና አልተቆጠሩም። ቤት መግዛት ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ገንዘብ የሚቃጠለው ግን በኪራይ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ቤቱ ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ፣ የተገዛበት ወለድና ከዋጋው ጎን ያሉት የማይታዩ ወጪዎች ናቸው።

የ30 ዓመት ቋሚ ብድር አማካይ ወለድ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ3 በመቶ በታች ነበር፤ በጥቅምት 2023 ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። ያው የ450,000 ዶላር ብድር በ3 በመቶ በወር 1,897 ዶላር ገደማ ያስከፍል ነበር። በ2021 የገዛ ወንድም በቡና ላይ ለታናሹ የሚሰጠው ምክር ከልብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የሚመክረው ግን ከእንግዲህ ስለሌለ ገበያ ነው።

ዕቁብ የማያውቀው መዝገብ

ዕቁብ ኢትዮጵያውያን ካመጧቸው የገንዘብ ተቋማት ሁሉ ጠንካራው ነው። ያለ ዋስትና ወረቀት፣ ያለ ወለድ፣ በቃል ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያዟዙራል። ችግሩ የሚጀምረው ዕቁቡ የወጣ ቀን ነው። አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃል፤ በመደበኛው ብድር ሕግ ከወር ገቢ ግማሽ የሚበልጥ አንድ ገቢ ከታየ ምንጩ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። «ዕቁብ ደርሶኝ ነው» የሚል መልስ ሰነድ አይደለም። ያልተረጋገጠው ገንዘብ ከሒሳቡ ይቀነሳል፤ ለዓመታት የተለፋበት ቅድመ ክፍያ በአበዳሪው ዓይን እንዳልነበረ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከገንዘቡ የከፋ ነገር ይመጣል። ጭንቅ የያዘው ገዢ ገንዘቡ የአክስት ስጦታ ነው ብሎ እንዲፈርም ይመከራል። የስጦታ ደብዳቤ ገንዘቡ እንደማይመለስ የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው፤ ገና ስምንት ወር የሚከፈልበት ዕቁብ ደግሞ ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ነው። ሐቀኛ የነበረው ቁጠባ በአንድ ፊርማ የሐሰት መግለጫ ሆነ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነበር፤ የዕቁቡ ስምምነት በጽሑፍ ሰፍሮ፣ መዋጮው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በባንክ ተላልፎ፣ ዕጣውም ብድር ከመጠየቁ ከብዙ ወራት በፊት ገብቶ ቢሆን ጥያቄው ባልተነሣ ወይም መልስ ባገኘ ነበር። ዕቁብን ወደ መዝገብ ማምጣት ዕቁብን ማርከስ አይደለም።

የሾፌሩ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በኡበር፣ በሊፍት ወይም በጭነት መኪና የሚሠራው ሰው በግሉ እንደሚሠራ ነጋዴ ይቆጠራል፤ አበዳሪው ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት የግብር ሰነዱን ያያል። በ2024 ለሥራ የተነዳ እያንዳንዱ ማይል 67 ሳንቲም ያስቀንስ ነበር፤ 50,000 ማይል የነዳ ሰው ከገቢው 33,500 ዶላር ቀንሷል ማለት ነው። አበዳሪው መልሶ የሚደምርለት ለመኪናው እርጅና የታሰበውን ክፍል ብቻ ነው። ሚያዝያ ላይ «ግብር አሳነሰልኝ» ተብሎ የሚመሰገነው የግብር ሠራተኛ፣ መስከረም ላይ ብድሩ ለምን እንደተከለከለ የሚያስረዳ ሆኖ አይገኝም። ግብርን በሕግ ማሳነስ መብት ነው፤ ነገር ግን ቤት ለመግዛት ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ሁለቱን ሒሳቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ዝግጅት ማለት ይህ ነው።

ከዚህም የከበደ በር በ2025 ተዘግቷል። የፌዴራል የቤቶች መሥሪያ ቤት በኤፍኤችኤ ዋስትና የሚሰጠውን፣ በ3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ብዙ አዲስ መጤዎች ቤት የገዙበትን ብድር፣ ከግንቦት 25 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች ከልክሏል። የጥገኝነት ጥያቄው ሳይወሰን በሥራ ፈቃድ ብቻ የሚኖር ሰው በቃል የሚነገረውን የድሮ ምክር ይዞ ቢሄድ የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው።

«የኛ ሰው» ለማን ይሠራል?

ቋንቋ የሚጋራ ደላላ ትልቅ ጸጋ ነው። ብዙዎቹም በቅንነት ይሠራሉ። ነገር ግን የኮሎራዶ ሕግ አንድ ነገር በግልጽ ያስቀምጣል፤ በጽሑፍ የወኪልነት ስምምነት ከሌለ ደላላው የገዢው ጠበቃ አይደለም። ሕጉ የሚቆጥረው እንደ ገለልተኛ አገናኝ ነው፤ ወረቀቱን ያስተካክላል፣ ቀኑን ይጠብቃል፣ ለአንዱ ወገን ግን አይሟገትም። «አበበ የኛ ልጅ ነው፣ አይጎዳኝም» የሚለው እምነት በሕግ ፊት ክብደት የለውም። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ወኪሌ ነህ ወይስ አገናኝ? በየትኛው አንቀጽ ተጽፏል?»

ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አገሪቱ በተደረገው ስምምነት መሠረት አብዛኞቹ ደላሎች ቤት ከማሳየታቸው በፊት ከገዢው ጋር ክፍያቸውን የሚወስን ውል በጽሑፍ መፈራረም አለባቸው። ለኢትዮጵያዊው ገዢ ይህ ዕድል ነበር፤ ድርድር የሚጀመርበት፣ ግዴታ የሚቆጠርበት ሰዓት። በብዙ ቦታ ግን ውሉ በስልክ ተልኮ፣ በጣት ተነክቶ፣ ሳይነበብ ያልፋል። ኮሎራዶ ደግሞ ቤት ሲገዛ ጠበቃ በቦታው መገኘት የሌለበት ግዛት ነው፤ ክፍያውንና ፊርማውን የሚያስፈጽመው የባለቤትነት ሰነድ ኩባንያ የማንንም ጥቅም አያስጠብቅም። ስለዚህ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ግብይት ውስጥ ሁሉም ሰው ደሞዙ ግዢው ሲፈጸም ብቻ የሚከፈለው ሆኖ ይገኛል፤ ደላላው፣ አበዳሪው፣ ሻጩ። «ቆይ፣ አትግዛ» ለማለት የሚከፈለው ማንም የለም። ለጠበቃ የሚከፈሉ ጥቂት መቶ ዶላሮች እንደ ብክነት የሚታዩት ግን በዚህ ቦታ ነው።

ከዋጋው ጎን ያለው ዋጋ

በኦሮራ ምሥራቅና በዴንቨር ሰሜን ምሥራቅ አዲስ ሰፈር ሲሠራ መንገዱንና የውኃ ቧንቧውን የሚዘረጋው ብዙ ጊዜ ከተማው አይደለም። ሜትሮፖሊታን ዲስትሪክት የሚባል ልዩ የግብር አካል ይቋቋማል። በኮሎራዶ እንዲህ ያሉ አካላት ከሺህ በላይ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሜዳው ገና ሰው ሳይሰፍርበት አልሚው ዲስትሪክቱን ያቋቁማል፤ ቦርዱ ላይ የሚቀመጡት በተለምዶ የአልሚው ሰዎች ናቸው፤ ቦርዱ ቦንድ ይሸጣል፤ ዕዳውን ደግሞ ገና ያልመጡ ገዢዎች በንብረት ግብር ለ30 እና ለ40 ዓመት ይከፍላሉ። ዕዳውን የወሰነው ሰው ከፋዩ አይደለም፤ ከፋዩ ሲወሰን አልነበረም። ውክልና የሌለበት ግብር የሚለውን የአሜሪካ አብዮት ክርክር ለዜግነት ፈተና ያጠና ሰው ነገሩን ሊያውቀው ይገባል።

ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በኮሎራዶ የመኖሪያ ቤት ግብር የሚታሰበው ከገበያ ዋጋው ከ6 እስከ 7 በመቶ በሚሆነው ክፍል ላይ ነው። ዲስትሪክቱ 50 ሚል ቢጥል፣ ማለትም ከዚያ ክፍል ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር 50 ዶላር ቢወስድ፣ 500,000 ዶላር የተገመተ ቤት በዓመት ከ1,500 እስከ 1,750 ዶላር ለዚህ አካል ብቻ ይከፍላል። በ30 ዓመት ዋጋው ባይጨምር እንኳ ከ45,000 ዶላር በላይ ነው። የካውንቲው፣ የትምህርት ቤቱና የከተማው ግብር ከዚህ ውጭ ነው። የሁለት መንገድ ልዩነት ያላቸው ሁለት ቤቶች በአንድ ዋጋ ተሽጠው በወር ክፍያ የሚራራቁት ስለዚህ ነው።

ይህ ምስጢር አይደለም። ግዛቲቱ ያጸደቀችው የቤት ሽያጭ ውል ቅጽ ራሱ ስለ ልዩ ግብር አካላት ዕዳ በትልልቅ ፊደላት ያስጠነቅቃል። በ2023 የወጣ ሕግ ደግሞ አዲስ ቤት የሚሸጥ ሰው የዲስትሪክቱን ዕዳና የግብሩን ግምት አስቀድሞ እንዲገልጥ ያስገድዳል። ሕጉ ማስጠንቀቂያው እንዲጻፍ አድርጓል፤ እንዲነበብ ማድረግ ግን የሕግ ሥራ አይደለም።

ከዲስትሪክቱ ቀጥሎ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ኤችኦኤ፣ ይመጣል። በ2022 ከኤርፖርቱ መንገድ ዳር ባለው፣ ብዙ ስደተኞች በሚኖሩበት ግሪን ቫሊ ራንች የሰፈሩ ማኅበር በአሥሮች የሚቆጠሩ ቤቶች በሐራጅ እንዲሸጡ ክስ መመሥረቱ በዜና ወጣ። ነገሩ የጀመረው በደረቀ ሣርና በመሰል ጥፋት ቅጣት ነበር፤ የጠበቃ ክፍያ ሲጨመርበት በሺዎች የሚቆጠር ዕዳ ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ለአንድ ጥፋት የሚጣለውን ቅጣት በ500 ዶላር ገደበ፤ ከቅጣት ብቻ የመጣ ዕዳ ቤት እንዳያሸጥ ከለከለ፤ ባለቤቱ በመረጠው ቋንቋም ማስታወቂያ እንዲደርሰው አዘዘ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ባለቤቱ «አማርኛ ነው የምፈልገው» ብሎ ማኅበሩን ማሳወቅ አለበት። ይህን ያደረገ ስንት ኢትዮጵያዊ አለ?

ሰማዩና ምድሩም የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። የዴንቨር አካባቢ በረዶ ጣሪያ ይበሳል፤ በግንቦት 8 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የወረደው በረዶ በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ላይ 2.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ኪሳራ አድርሷል። ኢንሹራንሱ ለጣሪያ የሚከፍለው አዲስ ለማልበስ የሚበቃውን ነው ወይስ ያረጀበትን ቀንሶ? የባለቤቱ ድርሻ ቋሚ ገንዘብ ነው ወይስ የቤቱ ዋጋ መቶኛ? የምድሩ ሸክላ አፈር ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ መሠረት ይሰነጥቃል፤ ለዚህም ነው አዲስ ቤት የሚሸጥ ሰው የአፈር ጥናት ማጠቃለያ እንዲሰጥ የተገደደው። ግማሽ ያህሉ የኮሎራዶ ቤት ራዶን የሚባለው ሽታ የሌለው ጋዝ ከተመከረው መጠን በላይ ያለበት ነው። የንብረት ግምት በየሁለት ዓመቱ ይከለሳል፤ በ2023 ኦሮራ በምትገኝባቸው ካውንቲዎች የተለመደው ጭማሪ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። «ክፍያው ቋሚ ነው» የተባለው ገዢ በዓመቱ የወር ክፍያው አድጎ ሲያገኘው ተታለልኩ ይላል። ቋሚ የሆነው ወለዱ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ቤት

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ጥድፊያ ወደ ትርፍ ቤት ነው። በ1967 የተወረሰው ቃል በኦሮራ ክብሩን መልሶ አግኝቷል፤ የሚከራይ ቤት ያለው ሰው በዕድሩ ውስጥ ድምፁ ከፍ ይላል። አበዳሪው ግን ሌላ ሕግ አለው። ለሚከራይ አንድ ቤት በመደበኛው ብድር ቢያንስ 15 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይጠየቃል፤ የስጦታ ገንዘብ አይፈቀድም፤ ወለዱም ከፍ ይላል፤ በ2,800 ዶላር የሚከራይ ቤት በሒሳቡ ላይ የሚቆጠረው 2,100 ዶላር እንዳመጣ ብቻ ነው። ይህን ለማምለጥ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ «እኖርበታለሁ ብለህ ፈርም።»

ይህ ምክር የዚህ ማኅበረሰብ ትልቁ ያልተነገረ አደጋ ነው። ለአበዳሪ ሆን ብሎ የሐሰት ቃል መስጠት እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት የሚያስከትል የፌዴራል ወንጀል ነው። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ ከ10,000 ዶላር በላይ ጉዳት ያደረሰ የማጭበርበር ወንጀል ከአገር የሚያስባርር ሊሆን ይችላል። የወለድ ግማሽ በመቶ ለማትረፍ ግሪን ካርድን ማስያዝ ንግድ አይባልም። ምክሩን የሚሰጠው ሰው ስሙ በወረቀቱ ላይ የለም።

ሕጋዊው መንገድም ሥራ እንጂ እንቅልፍ አይደለም። ዴንቨር ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ፈቃድ የምትሰጠው አከራዩ ራሱ በዋናነት በሚኖርበት ቤት ላይ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ኪራይ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ የአንድ ቤት አከራይም ፍተሻ አስደርጎ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በዚያው ዓመት ግዛቲቱ ያወጣችው ሕግ ቢያንስ 12 ወር የኖረን ተከራይ በሕግ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውጭ ማስወጣትን ከልክሏል። አዲስ መጤ ዘመዱን በቃል ውል ምድር ቤት ያስገባው አከራይ፣ ያ ዘመድ ተከራይ፣ እሱም በሕግ ፊት አከራይ መሆናቸውን የሚማረው ሲጣሉ ነው።

«ቢዘገዩ ኖሮስ?»

ለዚህ ሁሉ ጠንካራ መልስ አለ፤ መስማትም ይገባል። በ2012 ሳያነቡ የገዙት ሀብታም ሆነዋል፤ በዴንቨር አካባቢ የቤት ዋጋ እስከ 2022 ድረስ ከእጥፍ በላይ አድጓል። ጥንቃቄ የመረጡት ግን አሁንም ተከራይ ናቸው። ማንበብ የሀብት ጠላት ነበር ማለት ነው?

አይደለም። እነዚያን ሰዎች ያበለጸጋቸው አለማንበባቸው ሳይሆን የገቡበት ዓመት ነው። በተመሳሳይ እምነት፣ በተመሳሳይ ምክር፣ በ2005 የገዙትስ? የቤት ቀውሱ በመጣ ጊዜ በዴንቨር ከሁሉ በላይ የተመቱት ሞንትቤሎና ግሪን ቫሊ ራንች ነበሩ። ያ ወቅት ቤታቸውን ያጡት በቡና ላይ ምክር አይሰጡም፤ ከተማውን ለቀዋል ወይም ዝም ብለዋል። ማኅበረሰቡ የሚሰማው የተረፉትን ድምፅ ብቻ ነው። መዘጋጀት ደግሞ ዓመታት መጠበቅ አይደለም፤ የግብር ሰነድን ሁለት ዓመት አስቀድሞ ማሰብ፣ ሌላውን በጥቂት ወራት ማንበብ ነው።

ከሾፌሮቹ መማር

ማኅበረሰቡ ከጽሑፍ ጋር መታገል እንደማይችል አድርጎ የሚያስብ ሰው የዴንቨርን ታክሲ ታሪክ ይመልከት። በአብዛኛው ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሾፌሮች ለኩባንያ ሳምንታዊ ኪራይ መክፈል ሰልችቷቸው በ2009 ዩኒየን ታክሲ የተባለውን የሾፌሮች ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በ2016 ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ግሪን ታክሲ ተከተለ። ይህ የሆነው በጸሎትና በመተማመን ብቻ አልነበረም፤ በግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ፊት በማመልከቻ፣ በምስክርነትና በክርክር ነበር። ከመሪ ኋላ ሲውሉ ያደሩት ሾፌሮች ያነበቡትን ሕግ፣ ቢሮ የሚውለው ባለሙያ የማያነብበት ምክንያት የለም።

የ2022ቱን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሕግ ካቀረቡት እንደራሴዎች አንዷ ከላይቤሪያ የመጡት፣ ኦሮራን የሚወክሉት ናኬታ ሪክስ ናቸው። ሌላ አፍሪካዊ ስደተኛ ማኅበረሰብ የራሱን ሰው ሕግ የሚወጣበት ወንበር ላይ አድርሷል ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን በቁጥርም በሀብትም ከማንም አያንሱም።

ስለዚህ የሚጠበቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ዕቁቦች ስምምነታቸውን በጽሑፍ፣ መዋጯቸውን በባንክ ያድርጉ። ሁለተኛ፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ዕድሮች ለቀብር የሚመድቡትን ያህል ትኩረት ለቤት ገዢው ይስጡ፤ የኮሎራዶ የቤትና ፋይናንስ ባለሥልጣን ለቅድመ ክፍያ ድጋፍ ቅድመ ሁኔታ ያደረገው የገዢዎች ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ እንዲሰጥ በኅብረት ይጠይቁ፤ ከደላላ በፊት ውል የሚያነብ የሒሳብና የሕግ ባለሙያ በፈቃደኝነት በወር አንድ ቅዳሜ ይቀመጥ። ያ ባለሙያ ከግዢው መፈጸም አንዲት ሳንቲም የማያገኝ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የዲስትሪክት ቦርዶች ምርጫ በየጎዶሎው ዓመት በሜይ ወር ይካሄዳል፤ መራጩ ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። በሰፈሩ የሚኖር፣ ለመምረጥ የተመዘገበ ዜጋ መወዳደር ይችላል። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ አሥር የኢትዮጵያውያን ቤቶች በአንድነት ቢወጡ የሚከፍሉትን ግብር ከሚወስነው ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ።

በ1967 ቤቱ የተወረሰበት አባት ውሳኔው ሲተላለፍ አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም አይችልም ነበር። ልጁ ዛሬ በኦሮራ ቤቱ ላይ ዕዳ የሚጥለው ቦርድ የስብሰባ ቀን አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፣ የምርጫ ቀን አለው። በሩ አልተቆለፈም። ወንበሩ ባዶ የሆነው ባለቤቱ ስላልሄደ ነው።